ግማሽ ሲኒ የሚያህል ጨጓራ

የፋሲካ ዕለት ነው፤ ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ሌሊቱን ቅዳሴ ላይ ያደረው ሰው ትንሽ ሸለብ አድርጎት ተነስቶ እንደገና ማዕድ ከቧል። የዶሮው ድስት መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ቂቤው ጠርዙ ላይ ጠርቶ ወጥቷል። የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ሆና አንድ እንቁላል ስምንት ቦታ ቆራርጣ አንዷን ቁራጭ ከአይብ ጋር ታላምጣለች። ያቺኑ ቁራጭ አሁንም ታላምጣለች። ውሃ ቀድቼ ባስጠጋላት በእጇ ጀርባ ወደ እኔ መለሰችው።

የቤቱ እመቤት ይህን አይተው አላለፉም። ሁላችንም ‹‹እትዬ›› ነው የምንላቸው፤ ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ የጎረሰ ሁሉ የጠገበ የማይመስላቸው ሴት ናቸው።

‹‹አንቺ ልጅ፣ ለፋሲካ እንቁላል ብቻ? እንዲህ ከስተሽ?›› አሉና ከእንጀራው ገመስ አድርገው፣ ከፈረሰኛው ሥጋ ፈልቅቀው፣ በቁሌቱ ለውሰው የሕፃን ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉ። ‹‹በሞቴ! አፈር ስሆን!››

አፈር ስሆን ከተባለ ወዲያ ምን ይባላል? የአክስቴ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ፤ አስተያየቷ የገባኝ ቆይቶ ነው። አፏን ከፈተች።

መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ‹‹አነቃት! የሚጠጣ ስጧት!›› ተባለ። ቅርብ የተገኘው የጠጅ ብርሌ ነበርና ከጨነቃት ብዛት ተቀብላ ተጎነጨች። ሳይቆይ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ተከትያት በሩ ላይ ቆምኩ። የምትተፋው ምግብ አልነበረም፤ እንደተመታ እንቁላል ነጭ የሚንቦጫቦጭ አረፋ፣ ምራቅ ብቻ ነው።

ከዓመት ከሁለት ወር በፊት የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ማድረጓን በዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ 118 ኪሎ ነበረች፤ አሁን 79 ናት። ስኳር በሽታዋን በሁለት ዓይነት ክኒን እየገፋች፣ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎ፣ ሐኪሟ ‹‹ባይፓስ›› የሚባለውን አቀረበላት። ያለፈውን ፋሲካ ገና ከለስላሳ ምግብ አልወጣችምና ‹‹ሥራ ገባሁ›› ብላ ቀርታለች። ዘንድሮ ግን ሰው ናፈቃት።

ባይፓስ ማለት እንዲህ ነው። የጎልማሳ ሰው ጨጓራ ተወጥሮ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። ቀዶ ሐኪሙ ከላይ፣ ጉሮሮ ከሚገናኝበት ሥር፣ ትንሽ ከረጢት አስቀርቶ ቀሪውን በብረት ስፌት ይለየዋል። ከረጢቱ የሚይዘው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር አልጨበጥ ቢለኝ የቤቴን የቡና ሲኒ በመድኃኒት መስፈሪያ ለካሁት፤ እስከ አፉ 65 ሚሊ ሊትር ያዘ። እንግዲህ ጨጓራዋ ግማሽ ሲኒ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀጭን አንጀት ይቆረጥና ታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ተስቦ ከከረጢቱ ጋር ይሰፋል። መገናኛው ቀዳዳ የትንሽ ጣት ያህል ቢሰፋ ነው። የተለየው ትልቁ ጨጓራ ግን ተጥሎ አይወጣም፤ እዚያው ተቀምጦ አሲዱን ያመርታል፣ ከሐሞቱና ከቆሽቱ ጭማቂ ጋር ዝቅ ብሎ ከምግቡ ይገናኛል። ምግቡ ብቻ ነው በእሱ በኩል የማያልፈው።

የእትዬ ጉርሻ ከጨጓራዋ ይበልጥ ነበር።

ጤነኛ ጨጓራ ወፍጮ ነው፤ ያልተላመጠ ሥጋ ቢወርድለት አሽቶ፣ በአሲድ ነክሮ፣ አልሞ ያወጣዋል። ያች ከረጢት ግን አትፈጭም። ወፍጮው ወደ ጥርስ ተዛውሯል፤ ጥርስ ያልጨረሰውን የሚጨርስ የለም። የዶሮ ፈረሰኛ ደረቅና ክራማ ሥጋ ነው፤ እንጀራ ደግሞ በደንብ ካልተላመጠ ተድቦልቡሎ ሊጥ ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወርዱ እንደ ቡሽ ቀዳዳው ላይ ቁጭ ይላሉ። ‹‹ውሃ ጠጪበት›› የሚለው የእናቶቻችን መድኃኒት እዚህ ላይ ነው የሚከፋው። የተዘጋ ቱቦ ላይ ውሃ ቢጨምሩበት ተመልሶ ይመጣል እንጂ የት ይገባል? ጉሮሮም የተቀረቀረውን ለማንሸራተት ምራቅና አክታ እያመነጨ ይልካል፤ አረፋው እሱ ነው። ምግብ ሲበላ ፈሳሽ አይጠጣም፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል የሚለው ደንብ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ብዙም ሳይቆይ መጣ።

የተቀረቀረው ሾልኮ ወረደ። ፊቷን ታጥባ፣ ፈገግ ብላ፣ ተመልሳ ተቀመጠች። እትዬም ‹‹ጠጅ እኮ ያወርደዋል!›› ብለው ደስ አላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ አንገቷ ቀላ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ሆዷ ከጨዋታው ድምፅ በላይ ጮኸ። ‹‹ልቤ›› አለችኝ በጆሮዬ። ካፖርት የተከመረበት መኝታ ቤት ወስጄ አጋደምኳት፤ የእጅ ሰዓቷ የልብ ምቷን 124 ይላል፤ ተኝታ ነው 124። ሆዷን ቁርጠት ያዛት፣ ዓይኗ ጨለመ፣ እንደምንም ተነስታ ወደ መጸዳጃ ቤት ገባች። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ‹‹ዓይን ነው እንጂ ምን ይሆናል። ሰው ሁሉ እያያት በላች።››

አልፈረድኩባቸውም። ማዕድ ላይ ደህና የነበረ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ላብ አጥምቆት ሲወድቅ ያየ ሕዝብ፣ ቡዳ ነው ከማለት ሌላ ምን በጁ ነበረው? በሕክምናው ዓለምም ቢሆን ነገሩ ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው።

ጨጓራ ወደ አንጀት የሚከፈትበት ጡንቻማ በር በሕክምና ፓይሎረስ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ትርጉሙም በር ጠባቂ፣ በእኛ አነጋገር ዘበኛ ማለት ነው። ጥሩ ስም ነው። ዘበኛው ጨጓራ የፈጨውን አጥሚት የመሰለ ነገር በትንሽ በትንሹ፣ ማንኪያ በማንኪያ እያሳለፈ አንድ ማዕድ ለማስጨረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። አንጀት ከዚህ በላይ ፍጥነት አያውቅም፤ ለዚያም አልተሠራም። በባይፓስ ዘበኛው አልሞተም፤ በተለየው ጨጓራ ጫፍ እንደቆመ ነው፤ መንገዱ ግን ከፊቱ ተነስቷል። ከረጢቱ የወረደለትን ያለ ጠያቂ ወደ አንጀት ይለቀዋል።

የጠጁ ማር እንዲህ ነው የወረደው። ስኳር የበዛበት ፈሳሽ ድንገት አንጀት ውስጥ ሲደፋ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ውሃው የሚመጣው ደግሞ ከደም ነው። አንጀት ይነፋል፣ ያጓራል፣ ይቆርጣል፤ በደም ሥር የሚዞረው ፈሳሽ ይጎድላል፤ ልብ ጉድለቱን ለመሸፈን ይሮጣል። ከአንጀት የሚወጡ ሆርሞኖችም የደም ሥሮችን አስፍተው ፊት ያቀላሉ፣ ያልባሉ። መጋደም የሚረዳት ለዚህ ነው፤ የጎደለው ደም ወደ ጭንቅላት ሽቅብ መውጣት አይጠበቅበትም፣ ምግቡም ትንሽ ይዘገያል።

ስሙ የመጣው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ቴዎዶር ቢልሮት ቪየና ላይ በካንሰር የተያዘውን የጨጓራ ጫፍ ከነዘበኛው ቆርጦ አውጥቶ አንጀቱን ከቀሪው ጋር በተሳካ ሁኔታ ሰፋ። ከዚያ ወዲህ በጨጓራ ቁስልም የተነሳ ብዙ ሰው እንዲህ ተሰፋ። በ1913 እንግሊዛዊው ሐኪም አርተር ኸርትዝ እንዲህ የተሰፉ ሰዎች ምግቡ ካለ ልክ ፈጥኖ ከጨጓራቸው እንደሚወጣና ከበሉ በኋላ እንደሚያማቸው ጻፈ፤ በ1922 ደግሞ ቻርልስ ሚክስ የተባለ አሜሪካዊ ‹‹ዳምፒንግ›› በሚል ቃል ጠራው። ዳምፕ ማድረግ ጭነትን በአንዴ መገልበጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሲኖትራክ አሸዋውን ግንባታ በር ላይ ዘርግፎ ሲሄድ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ነገሩን ገለበጠው። ለቁስል ጨጓራቸው የተቆረጠላቸው ሰዎች ክብደት ሲቀንሱ እያየ ነበርና፣ ለሌላው እንከን የሆነው ውፍረት ላሰቃየው ሰው መድኃኒት ቢሆንስ ብሎ የመጀመሪያውን ባይፓስ ሠራ። ዳምፒንግም አብሮ መጣ። ከባይፓስ በኋላ ከ100 ሰው እስከ 40 የሚደርሰው መጠኑ ይለያይ እንጂ ይቀምሰዋል ተብሎ በሰፊው ይጠቀሳል። ጨጓራውን በቁመቱ ሸንትሮ ቱቦ በሚያስመስለው ‹‹ስሊቭ›› ዘበኛው ከነቦታው ስለሚቀር ያንሳል፤ ግን አይጠፋም። የስሊቭ ሰዎች በብዛት የሚያማርሩት ቃር ነው።

እዚህ ላይ አጎቴ ትዝ ይለኛል። ወጣት ሳለ ጨጓራው ቆስሎ መውጫው ጠቦ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ጨጓራው በጎን ከአንጀት ጋር ተሰፋለት ይባላል። በማር የተበላ ገንፎ ወይም አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ካገኘ ላብ በላብ ሆኖ መደብ ላይ ይዘረጋ ነበር። ‹‹ደግሞ ጀመረው፣ ሥራ ሲጠራ ያመዋል›› ይባላል። ሞቶ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ፣ የአክስቴን ልጅ ሳስተኛት ነው ያ ሰው ሰነፍ እንዳልነበረ የገባኝ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ለአብዛኛው የጨጓራ ቁስል ተጠያቂው ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸለሙ፤ ዛሬ ያን ቁስል የሚያድነው ባብዛኛው ክኒን ነው። በአጎቴ ዘመን የነበረው ቢላዋ ነው።

አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ዳምፒንግን እንደ ጥሩ አለንጋ ያዩት ነበር፤ ጣፋጭ የነካ ይቀጣል፣ ሁለተኛ አይነካም። በኋላ ሲታይ ዳምፒንግ የሚይዛቸው ሰዎች ከማይዛቸው ይበልጥ ከሱ ለማለት አልተቻለም። እኔም አለንጋ ሊባል አይገባውም ባይ ነኝ። የአክስቴ ልጅ የዚያን ዕለት የተቀጣችው ሆዳም ሆና ነው? የትልቅ ሰው ጉርሻ ስላከበረች ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቶ ተሰነባበትን። ቡናው አቦልና ቶና አልፎ በረካ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሷ ያለ ስኳር አንድ ሲኒ በዝግታ ጠጣች። ፓርኪንጉ ውስጥ የመኪናዋን ቁልፍ ስታወጣ ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፤ እንደገና ወደቀ። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ የምትናገረውም ግማሹ ያልተያያዘ ነው። ሰክራለች ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን ቦርሳዋን ወደ እኔ ገፋችና ‹‹መለኪያው›› አለች። በስኳር በሽታዋ ዘመን የለመደችውን መሣሪያ ነው። ጣቷን ወጋሁላት፤ 49 አለ።

ይህ ሁለተኛው፣ ዘግይቶ የሚመጣው ዳምፒንግ ነው፤ ከተበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይይዛል። ስኳሩ በአንዴ ስለወረደ በአንዴ ወደ ደም ገብቷል። አንጀትም ደንግጦ ጂኤልፒ አንድ የተባለውን ሆርሞን በብዛት ይለቃል፤ እሱም ቆሽትን ‹‹ኢንሱሊን አምጣ›› ይለዋል። ኢንሱሊኑ በጎርፉ ልክ ይመጣል፤ ሲደርስ ግን ጎርፉ አልፏል። የቀረውን ስኳር ጠራርጎ ከሚገባው በታች ያወርደዋል። ዛሬ ሰው ሁሉ ስሙን የሚጠራው ኦዜምፒክ የተባለው መድኃኒት የተሠራው ይህንኑ ሆርሞን በማስመሰል ነው። አልኮልም ጉበት ለደም ስኳር እንዳያበድር ያግደዋል፤ ደግሞም ከባይፓስ በኋላ መጠጥ ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፣ መጠኑም ከቀድሞው ይበልጥ ከፍ ይላል። ማርና አልኮል አንድ ላይ የተጠመቁበት ጠጅ ለእንዲህ ያለ ሆድ የሁለት ወገን ጠላት ነው።

ከቦርሳዋ ሦስት የግሉኮስ እንክብል አኘከች፤ ሩብ ሰዓት ጠብቀን ለካን፤ 78። ከዚያ አንድ እፍኝ ለውዝ በላች። ሮጬ ኮካ ልግዛ ብል ‹‹አይሆንም፣ እንደገና ከሥር ያስጀምረዋል›› አለችኝ። ልክ ናት፤ ብዙ ስኳር ብዙ ኢንሱሊን ይጠራል፣ እሱም ሌላ መውደቅ ያመጣል። መጠነኛ ስኳር ያነሳል፣ ፕሮቲኑ ይደግፋል። መኪናውን እኔ ነዳሁ። ይህ ነገር መሪ ላይ ሳለች ቢይዛት ኖሮ የሚለውን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ቤቷ ስንደርስ ፍሪጅዋ ላይ ሁለት ወረቀት አየሁ። አንደኛው ከሆስፒታሉ የተሰጣት ነው። ኩኪስ፣ አይስክሬም፣ የተፈጨ ድንች፣ ለስላሳ ነጭ ዳቦ ተጠንቀቂ ይላል። በጥሩ ወረቀት በቀለም ታትሟል፤ አንዱም እሷ ቤት የሚበላ አይደለም። ሁለተኛውን ከደብተር ገንጥላ በእስክሪብቶ የጻፈችው እሷ ራሷ ናት። ለአንድ ዓመት እየበላች፣ እየወደቀች፣ እየጻፈች ያዘጋጀችው ነው። ‹‹አጥሚት በስኳር፦ በጭራሽ። በሶ ጭብጦ፦ ይቀረቀራል። ቅንጬ፦ ሦስት ማንኪያ፣ ቂቤ ሳይበዛ። ሽሮ ቀጠን ያለ፦ እግዜር ይስጠው። እንጀራ የዛሬ፦ ይጣበቃል፤ የትናንት፦ ይሻላል። ጥብስ፦ እንደ ጥርሴ። ክትፎ ለብ ለብ፦ ደህና፣ ቂቤው ግን ያስሮጣል። ወተት፦ ነፋኝ። እርጎ፦ እሺ።›› ከወተት ጎን ‹‹ድሮ ምንም አይለኝም ነበር›› ብላ ጨምራለች። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የወተት ስኳር ያልተስማማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያውን ወረቀት ያዘጋጀው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ገበታችንን አያውቀውም፣ አልጠየቀምም። አብዛኛው ሰው ከዚህ የሚድነው ደግሞ በመድኃኒት አይደለም፤ በአበላል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላው ስድስት ቦታ ይከፈላል፤ መጀመሪያ ፕሮቲኑ ይበላል፤ የሚሟሟ አሰር ያለበት ምግብ ጉዞውን ያዘገየዋል። በዚህ ካልተመለሰ የስታርች መሰባበርን የሚያዘገይ አካርቦዝ የሚባል ክኒን አለ፤ ለባሰበት ሆርሞኖቹን የሚገታ ኦክትሪዮታይድ የሚባል መርፌ አለ።

ጾሙን ጠየቅኳት። ‹‹ዐቢይ ጾምን ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግሬ ነው የያዝኩት›› አለች። ችግሩ የምግቡ ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ በቀን 60 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ከምስርና ከሽሮ ለመሰብሰብ ግማሽ ሲኒ አይበቃም እንጂ ይሞከራል። የከበደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንዴ መብላት ነው። አዲሱ ሆዷ የማይችለው ይህንኑ ነው፤ ባዶ ቆይቶ በአንዴ መሙላት። የንስሐ አባቷም ሐኪምሽ ያለሽን አድርጊ፣ ጾሙን በሌላ መንገድ ጹሚ ብለው ሸኟት።

የሚያስፈራውንም ነገረችኝ፤ ዳምፒንግ ያስፈራል እንጂ ብዙ ጊዜ ተኝተው ያሳልፉታል። ለቀናት የማይቆም ትውከት ግን ቫይታሚን ቢ አንድን አሟጦ አእምሮንና ነርቭን ይጎዳል። ሆድን ሰቅዞ የሚይዝ፣ ሄደት መለስ የሚል ኃይለኛ ሕመም አንጀት በአንጀት መሀል ገብቶ ታንቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለነገ አይባልም። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ፣ የእኛ ሰው ወገቡን ባመመው ቁጥር ከፋርማሲ የሚገዛቸው ማስታገሻዎች ደግሞ ስፌቱ ላይ ቁስል ያመጣሉ። አዲስ አበባ ያለች እህቷ ኢስታንቡል ሄዳ ስሊቭ ልትሠራ ስታስብ መጀመሪያ የጠየቀቻት ዋጋውን አልነበረም፤ ‹‹ስትመለሺ ማን ነው የሚከታተልሽ?›› ነው ያለቻት። ብረት፣ ካልሲየም፣ ቢ 12 እስከ ዕድሜ ልክ ነው፤ ብረቱ ከካልሲየሙ ተለይቶ፣ ከቡናና ከሻይም ርቆ ይዋጣል። የቦርሳዋ የክኒን ሳጥን ከሜካፕዋ ይበልጣል።

‹‹ለምን አትነግሪያቸውም?›› አልኳት።

‹‹ስወፍር ‹ተመችቷታል› አሉ። ስከሳ ‹ምን በሽታ ያዛት› አሉ። ሆዷን አስቆረጠች ሲሉ ደግሞ ልስማቸው?››

በኋላ ግን ሳታስበው ራሷ ነገረቻቸው። ከኮሪደሩ ሹክሹክታ የተነሳ እትዬ ጠበል ይዘው ሊያስጠምቋት ቀጠሮ ያዙና፣ እሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት በስልክ ሁሉንም ዘረገፈችው። ረጅም ዝምታ ሆነ አለች። ከዚያ እትዬ ‹‹እና እኔ ነኛ የጣልኩሽ?›› ብለው አለቀሱ።

ለእንቁጣጣሽ ተመልሰን እዚያው ቤት ተገናኘን። እትዬ ከመሶቡ አጠገብ አንድ የቡና ሲኒ አስቀምጠዋል፤ ውስጡ አይብና የተከተፈ ጎመን አለ። ‹‹ምሳሽ ይሄ ነው፣ በልክሽ ሰፍሬዋለሁ።›› ከዚያ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ሽምብራ የምታህል፣ ከጣታቸው መሀል የማትታይ። ራሳቸው አይተዋት ሳቁ። ‹‹አሁን ይቺ ጉርሻ ናት?››

የአክስቴ ልጅ ጎረሰች። ማላመጥ ስትጀምር ማዕዱ ጸጥ አለ፤ ሁሉም አፍ አፏን ያያል። ስትውጥ አንድ ሰው ‹‹እሰይ›› አለ።

‹‹ሁለተኛዋስ?›› አሉ እትዬ እጃቸውን ወደ እንጀራው ሰደድ አድርገው። ‹‹አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ ልጄ።››

‹‹ትንሽ ይቆዩኝ እትዬ›› አለች ሰዓቷን እያየች። ‹‹አምስት ደቂቃ ልጣላዎት።››